ካ-ባር፦ እጀታው ድንቅ፣ ቆዳው ጭቅጭቅ

የውጊያ ጩቤ ሲመረጥ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ጫፉ ላይ ነው። ጉዱ የሚታየው ግን እጀታው ላይ ነው፦ እጅ ሲያልበው ይሾልካል፣ ሲወጋበት ጣት ወደ ስለቱ ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ማሪኖች የተቀበሉት ካ-ባር የተባለው ጩቤ ዛሬም የሚወደደው በዚህ በኩል ስለማያሳፍር ነው።

እጀታው ቀለበት ቀለበት ሆኖ ከተቆረጠ ቆዳ የተሠራ ነው። ቀለበቶቹ በብረቱ ጅራት፣ ማለትም እጀታው ውስጥ በሚገባው ቀጭን ክፍል፣ ላይ እንደ ዶቃ ተሰክተው በኃይል ታምቀዋል፤ ዙሪያቸውን የተፈለፈሉት ቦዮች ላብ ቢኖርም ጣት ያስይዛሉ። ቅርጹ ሞላላ ስለሆነ በጨለማም ቢያዝ ስለቱ ወዴት እንደዞረ መዳፍ ያውቃል። የእንግሊዝ ኮማንዶዎች ጩቤ፣ ፌርቤርን-ሳይክስ፣ እጀታው ድቡልቡል በመሆኑ ይህን አይነግርም፤ ቀጭን ጫፉም ለመውጋት ግሩም ሆኖ ሳለ ጠንካራ ነገር ሲያገኘው ይሰበራል።

የካ-ባር ብረት 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ውፍረቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ከነእጀታው 30 ሳንቲ ሜትርና 300 ግራም ገደማ ነው። ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ ከ56 እስከ 58 ነው፤ መካከለኛ የሆነውም በዓላማ ነው። ከዚህ ቢጠነክር ስለቱ ቶሎ አይዶለዱምም፣ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ ሲነካ ግን ይሸረፋል። ሲዶለዱም በእያንዳንዱ ጎን በ20 ዲግሪ ይሳላል፤ ተራ መሳያ ድንጋይ ይበቃዋል። የብረቱ ጎን ላይ ያለውን ቦይ «የደም መውረጃ» የሚሉ አሉ። ተረት ነው፤ ቦዩ ክብደት ይቀንሳል፣ አለቀ።

ድክመቱ እጀታው ውስጥ ተደብቋል። የብረቱ ጅራት ጠባብ ነው። ለመውጋትና ለመቁረጥ ይበቃል፤ እንደ ዲጂኖ ሳጥን ሊፈነቅሉበት ቢሞክሩ ግን ከጣት መከለያው ሥር ይሰበራል፣ ሰፊው ብረት በድንገት የሚጠበው እዚያ ነውና። ሲገዙ እጀታውን በአንድ እጅ ጨብጦ መከለያውን በሌላው መነቅነቅ ያስፈልጋል። ትንሽ እንኳ ከተላወሰ ቆዳው በደንብ አልታመቀም፤ ይመለስ።

ቆዳውማ ጭቅጭቅ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ክፍተት ይፈጥራል። ዘይት ማጠጣት መፍትሔ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ዘይት ሲበዛ ቆዳው ይለሰልስና ይላላል። ስስ የንብ ሰም ይበቃል። ብረቱም ዝገትን አይቋቋምም፤ ጥቁሩ ቅብ ጎኑን ቢጠብቅም የተሳለው ጠርዝ ራቁቱን ነው። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ከቆዳ ሰገባው ወጥቶ፣ ዘይት ተቀብቶ ይቀመጥ፤ ሰገባው እርጥበት ይዞ ያዝገዋል።

ዝናብና ጭቃ ለሚበዛበት ሥራ በክራተን ጎማ እጀታ የሚመጣውን መውሰድ ይሻላል፤ መልኩ የቆዳውን ያህል ባያምርም።