«የተዳቀለ አቮካዶ» ሲሏችሁ መጀመሪያ ላስቲኩን ፍቱት

ክረምቱ ሊገባ ነው። ችግኝ የጫኑ ፒካፖችም እንደየዓመቱ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር መቆም ጀምረዋል። ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ላይ አንዱ ዘንድ ቆሜ አየሁ። ግንዱ ላይ ላስቲክ የተጠመጠመበት የአቮካዶ ችግኝ አንዱ 500 ብር ነው። ሻጩ «የተዳቀለ ሃስ ነው፣ በሁለት ዓመት ፍሬ ይበላሉ» ይላል፤ ሃስ የታወቀ የአቮካዶ ዝርያ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከስድስት ዓመት በፊት ሰምቻታለሁ፤ ያውም 1,800 ብር ከፍዬ። በጓሯችሁ ፍራፍሬ ለመትከል የምታስቡ ወገኖች ሌላ ከፋይ እንዳትሆኑ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ነው። ጓሮዬ ሰፊ አይደለም፤ ከኩሽናው ጀርባ እስከ አጥሩ ድረስ ያለች መሬት ናት። ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ ነበረባት፤ በአጥሩ በኩል ደግሞ አራት እግር ጌሾ። ሰውዬው በራችን ድረስ መጥቶ «አብሽር አባባ፣ ይኼ እንደ ድሮው አቮካዶ አሥር ዓመት አያስጠብቅም» አለኝ። ወሎ ውስጥ «አብሽር» የሚልህን ሰው እንዴት ትጠረጥረዋለህ? ስድስት አቮካዶ በ250 ብር፣ ሁለት ማንጎ በ150 ብር ሂሳብ ገዛሁ። ቦታ እንዲበቃቸው ብዬ ጌሾውን ነቀልኩት። የጌሾውን ነገር ባለቤቴ እስካሁን ታነሳዋለች፤ እውነት አላት።

ዛፎቹ አደጉ፣ ማደጉንስ አደጉ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደርሶብን ከተማውን ለቀን ስንወጣ ከእኔ ቁመት በልጠው ነበር። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነው፤ አልጋውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የወጥ ድስቱ ሳይቀር የለም። አቮካዶዎቹ ብቻ በየቦታቸው ቆመዋል። «ደግ ነው፣ ዘንድሮ እንኳ እናንተ ትክሱናላችሁ» አልኳቸው፤ የተባለው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነበርና። 2014 አለፈ፣ 2015ም፣ 2016ም። ፍግ አለበስን፣ ውሃ አጠጣን፣ ቅጠል ብቻ።

በ2017 አንደኛው አብቦ አሥራ አንድ ፍሬ ያዘ። የመጀመሪያውን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቆረጥነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር የሕፃን ጡጫ ያህላል፤ ሥጋው ከትንሽ ጣት አይወፍርም፣ ክሩ ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ጣዕሙ ውሃ ውሃ ይላል። ቆዳው ስስና ለስላሳ ነው፤ በስሎም አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ሃስ የሚባለው አቮካዶ ግን ቆዳው ወፍራምና ሸካራ ነው፣ ሲበስልም ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ይለወጣል። ያን ሰሞን በግብርና የተመረቀ የእህቴ ልጅ ሊጠይቀን መጥቶ ግንዱን ከሥር እስከ ላይ በእጁ ዳሰሰና «አጎቴ፣ የተዳቀለበት ቦታ የታለ?» አለኝ። ምን እንደሚመስል እንኳ አላውቅም ነበር።

የነገረኝ ይህ ነው። አቮካዶ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም። ጥሩ ፍሬ በልተህ ዘሩን ብትተክል የሚወጣው ዛፍ ሌላ ባሕርይ ይኖረዋል፤ ለማፍራትም ከአምስት እስከ አሥር ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የተዳቀለ የሚባለው ከዘር የበቀለ ቀጭን ግንድ ተቆርጦ፣ ፍሬው ከታወቀ ዛፍ የተወሰደ ቀንበጥ ገብቶበት፣ በላስቲክ ታስሮ የተጋባው ነው። እንዲህ ያለው በደንብ ከተያዘ በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል። እኔ የገዛሁት ተራ ከዘር የበቀለ ችግኝ ነበር፤ የሰፈር ችግኝ አፍይ ያን ጊዜ በሃያ ብር የሚሸጠው ዓይነት። የሁለት መቶ ሠላሳ ብሩ ልዩነት ላስቲኩ መሆኑ ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ክፉ ነው አልልም፤ ዕድል የቀናው ግሩም ፍሬ ያገኝበታል። በዋጋውና በስሙ ይሸጥ ነው የምለው። ብሩስ ብር ነው፤ ስድስቱን ዓመት ከማን አስመልሳለሁ?

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ሻጩን «ላስቲኩን ፍታልኝና ልየው» አልኩት። «ከተፈታ ይሞታል» አለኝ። እዚህ ላይ አስተውሉ። ቁስሉ የገጠመ ችግኝ ላስቲኩ ሊፈታለት ይገባል፤ ካልተፈታለት ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋል። ስለዚህ «አትፍቱት» የሚል ሻጭ ወይ ገና ያልገጠመ ችግኝ ነው የሚሸጥላችሁ፣ ወይ ከላስቲኩ ሥር ምንም የለም። 500 ብሩን ከፈልኩና እዚያው ፊቱ ፈታሁት። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ አምስት ዙር። ከላስቲኩ ሥር ያለው እንደ እርሳስ ለስላሳ የሆነ ግንድ ነው። ስንጥቅ የለ፣ እብጠት የለ፣ የቢላዋ ምልክት የለ። «እሱ አንዱ አምልጦ ነው፣ ይቀይሩት» አለኝ። «እሺ፣ የምትቀይርልኝንም እንፍታው» ስለው ችግኙን ወደ መኪናው መልሶ መጫን ጀመረ። 500 ብሬን አልመለሰልኝም፤ ለዚህ ጽሑፍ የከፈልኩት ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

በእውነት የተዳቀለ ችግኝ ከአፈሩ ከፍ ብሎ፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ጠባሳ አለው። ቦታው ትንሽ ያብጣል ወይም ጎበጥ ይላል፤ ከታች ያለው ልጥ የጠቆረና የሻከረ፣ ከላይ ያለው የለጋ ይሆናል። በጣታችሁ ስትዳስሱት ይታወቃችኋል። ቅጠሉ በሙሉ ከጠባሳው በላይ መሆን አለበት፤ ከጠባሳው በታች የሚያቆጠቁጠው የታችኛው ግንድ ስለሆነ ከተከላችሁ በኋላም እየቀነጠባችሁ ጣሉት፣ አለዚያ ላይኛውን አዳክሞ ይበልጠዋል። ችግኙ ከነአፈሩ ያለበትን ላስቲክም ጎንበስ ብላችሁ እዩት። አፈሩ ገና ትናንት የተሞላ ከሆነና ግንዱን ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ላላ ካለ፣ ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የገባ ነው፤ ዋና ሥሩ ተቆርጦም ሊሆን ይችላል።

ማንጎዎቹን ረሳኋቸው። ያው ሰው ያንኑ ማንጎ ደሴ ሆጤ ለምትኖረው እህቴም ሸጦላታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል። ማንጎ የቆላ ዛፍ ነው፣ ሐርቡና ባቲ ወዲያ የሚያምርበት። እህቴ የኅዳርን ውርጭ በማዳበሪያ ከረጢት እየሸፈነች ሁለት ዓመት አቆየችው፤ በሦስተኛው ደረቀ። የእኔዎቹ አሉ፣ መኖር ከተባለ። ለደሴ አፕል ይሻላል፤ ግን እሱንም አንድ እግር ብቻ አትግዙ። «አና» እና «ዶርሴት ጎልደን» የሚባሉት ዝርያዎች ጎን ለጎን ሲተከሉ ነው አንዱ ለሌላው ብናኝ ሰጥቶ ደህና ፍሬ የሚይዙት። ፓፓያን «ሴቷን መርጬ ነው የማመጣው» የሚላችሁን ደግሞ ስቃችሁ እለፉት፤ ችግኙ ሳያብብ ጾታውን በዓይን የሚለይ ሰው የለም።

ችግኝ ስትገዙ በሚቀጥለው ዓመት ሄዳችሁ የምታገኙት ሰው ዘንድ ግዙ። ቀንበጡ የተወሰደበትን እናት ዛፍ የሚያሳያችሁ ከሆነ ደግሞ እሰየው። ለከፍታችሁ የሚስማማውን የወረዳችሁን ግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ ወደ ሰሜን ወሎ ያላችሁ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አላችሁ። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ዝርያውም በጽሑፍ ይስፈርላችሁ። ፒካፑ ነገ የት እንደሚያድር ሹፌሩም አያውቀውም።

እንደ እኔ ተታልላችሁ የተከላችሁ ካላችሁ ዛፉን አትቁረጡት፣ ወይም ቁረጡት ግን አትንቀሉት። የእህቴ ልጅ ሦስቱን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ላይ ቆርጦ፣ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ግንዱን ኖራ ቀባልን። ባቆጠቆጠ ጊዜ ጠንካሮቹን ሁለት ሁለት አስቀርቶ፣ ከሚያውቀው የሃስ ዛፍ እርሳስ የሚያህል ቀንበጥ አምጥቶ አዳቀላቸው። አንዱ ዛፍ እምቢ አለ፣ ሁለቱ ያዙ። ባለፈው ሳምንት የአንደኛውን ላስቲክ ራሴ ፈታሁት። ከሥሩ ጠባሳ አለ።