አቡነ ያዕቆብና አባ መስያስ፦ ካህን ከየት ይገኛል?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሁለቱ ኢጣሊያውያን የካቶሊክ ጳጳሳት፣ አቡነ ያዕቆብ የሚባሉት ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስና አባ መስያስ በሚል ስም የታወቁት ጉልየልሞ ማሳያ፣ ከሮም እጅግ በራቀ አገር ካህን ከየት እንደሚገኝ መወሰን ነበረባቸው።

ደ ያቆቢስ በ1839 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ከደረሱ በኋላ የአገሩን ሰው በአገሩ ሥርዓት ማሰማራትን መረጡ። የግእዙን ቅዳሴ ጠብቀው፣ ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሊቃውንትን ለክህነት አበቁ፤ በ1851 የቀሰሱት አባ ገብረ ሚካኤል ከእነዚህ አንዱ ናቸው። ይህ መንገድ ወጪው አነስተኛ ቢሆንም ጠላትነቱ ከባድ ነበር፤ በግእዝ ሥርዓት ክህነት የሚሰጥ ሌላ ጳጳስ መኖሩ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የነበሩትን የአቡነ ሰላማን ሥልጣን በቀጥታ ይነካ ነበርና። (ደ ያቆቢስ ጵጵስናውን የተቀበሉት በ1849 ምጽዋ ላይ ከራሳቸው ከማሳያ እጅ ነው።)

ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር የሆኑት ማሳያ ግን በ1852 ጉድሩ ገብተው፣ በኦሮሞ ምድር በላቲን ሥርዓት ሠሩ፤ ከአውሮፓውያን መነኮሳት ጎን ለጎን የአገር ተወላጆችንም ለክህነት አበቁ። ከአቡኑ ጋር የሚደረገው ፉክክር ቀለል ቢልም ሥራው በነገሥታት በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ፤ በ1861 ከከፋ ተባረሩ፣ ከ1868 ጀምሮ በሸዋ በምኒልክ ዘንድ ቢከበሩም በ1879 ዐፄ ዮሐንስ አስወጧቸው።

በእኔ ግምት የደ ያቆቢስ አሠራር ይበልጥ ጸንቷል፤ በ1860 ሲሞቱ ሥራውን የሚቀጥሉ የአገር ተወላጅ ካህናት ነበሩ።