ሁለት ልብ ወለድ በአንድ ጋቢ

የደብረ ብርሃን የኅዳር ብርድ ሰውን በጊዜ አልጋ ውስጥ ያስገባል። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ፣ የስልኬን ብርሃን ቀንሼ ሁለት የወጣቶች ልብ ወለድ ጨረስኩ። ሁለቱም ወንድ ልጅ ወንድ ልጅን ሲያፈቅር ይተርካሉ። እዚህ ጮክ ተብሎ የሚወራ ጉዳይ አይደለም፤ ብርሃኑን የቀነስኩትም ለባትሪው ብቻ አልነበረም።

የቤኪ አልበርታሊ የሳይመን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው። ሳይመን ማንነቱን ከማያውቀው የትምህርት ቤቱ ልጅ ጋር በኢሜይል ይጻጻፋል። አንድ ተማሪ መልእክቶቹን ያይና ያስፈራራዋል። «ማን ይሆን?» እያሰኘ ያስሮጣል። ያስቃል፣ በሁለት ሌሊት ያልቃል፣ ቶሎም ይረሳል።

የቤንጃሚን አሊሬ ሳኤንዝ አሪስቶትልና ዳንቴ (እ.ኤ.አ. 2012) ግን ቀስ ይላል። ቦታው ኤል ፓሶ፣ የአሜሪካ ቴክሳስ ከተማ፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1987። መዋኛ ገንዳ ዳር ዳንቴ አሪስቶትልን (በአጭሩ አሪን) «ዋና ላስተምርህ» ይለዋል፤ ነገሩ ከዚያ ይጀምራል። በኋላ ዳንቴ የተጎዳች ወፍ ሊያነሳ መንገድ መሃል ይገባል። መኪና ሲመጣ አሪ ገፍትሮ ያድነውና የራሱ ሁለት እግር ይሰበራል። ደግሞ ማንም እንዲያመሰግነው አይፈልግም፣ ግትር!

እኔን የያዘኝ ግን የአሪ አባት ነው። ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ ያየውን አያወራም። እስር ቤት ያለው የአሪ ታላቅ ወንድምም ስሙ ቤት ውስጥ አይነሳም። መንዝ ላደገ ሰው ይህ ዝምታ እንግዳ አይደለም። በርኖሱን ደርቦ ምድጃ ዳር ቃል ሳይተነፍስ የሚያመሽ አባት ስንቶቻችን ነበረን?

ሳይመንን ለጓደኛዬ ልኬለታለሁ። አሪን ዛሬ ማታ ከመጀመሪያው ልደግመው ነው።