ስምንት ድንጋይ ከመጣል ላዳነኝ ልጅ

የኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። ስሙን አደባባይ እንዳላወጣው ስለለመነኝ እዚህ አልጠቅሰውም። ሥራውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ፎቶ አንሺ ነኝ። የካሜራዬ ፍላሽ አራት ባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ቻርጅ የሚደረገውን ዓይነት ማለቴ ነው። ስምንት አሉኝ፤ አራቱ ሲሠሩ አራቱ ቻርጀር ላይ ናቸው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ማታ ሞልቼ የወሰድኳቸው ሥራው ሳይጋመስ ቀጥ ይላሉ። ፍላሹ መጀመሪያ ይንቀራፈፋል፤ ቀጥሎ ጭራሽ ይጠፋል። ሰው ፊት ቆሞ "አንዴ ታገሡኝ" እያሉ ድንጋይ መቀየር እንዴት እንደሚያሳፍር በሙያው ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰው አማከርኩ። ሁለቱም "አርጅተዋል፣ ጥለህ አዲስ ግዛ" አሉኝ። አንዳቸውም እጃቸው ላይ እንኳን አልያዟቸውም።

ልጁ ጋ ስሄድ እኔም ቆርጬ ነበር። "የትኛውን ዓይነት ልግዛ?" ብዬ ነው ወሬ የጀመርኩት።

"ጋሼ፣ ሳይመረመሩ እንዴት ይፈርዱባቸዋል?" አለኝ። ማርከር አወጣና ከ1 እስከ 8 ቁጥር ጻፈባቸው።

ከዚያ ቴስተሩን እያስነካ አንድ በአንድ ለካ። ሁሉም 1.3 ቮልት ገደማ አሳዩ። "ታዲያ ደህና ናቸዋ!" ስል ሳቀብኝ። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ድንጋይ የሚያሳየው ቮልት ያታልላል። የደከመውም እንዲሁ ሲለካ ጤነኛ ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው ጭነት ሲሸከም ነው። ስለዚህ ሁሉንም በራሱ ቻርጀር ሞልቶ፣ እያንዳንዱን በ500 ሚሊአምፒር ቻርጁን እያስወጣ ሰዓት ያዘ። ቮልቱ ወርዶ 1 ላይ ሲደርስ ያቆማል። የእኔዎቹ ላይ 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ ተጽፏል፣ የሚይዙት የቻርጅ መጠን ማለት ነው፤ እንግዲህ በዚህ ሂሳብ አንዱ ድንጋይ 4 ሰዓት አካባቢ መሄድ ነበረበት።

በማግስቱ ውጤቱን ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፎ ጠበቀኝ። ስድስቱ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ሄደዋል። ቁጥር 6 ሁለት ሰዓት ተኩል። ቁጥር 3 በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አልቆላታል!

ስምንቱንም ልጥል የነበረው በአንዷ ጦስ ነው። ፍላሹ ውስጥ አራቱ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ነው የሚሠሩት። አንዷ ስትጨርስ ሦስቱ ጉልበት እያላቸው ፍላሹ ይቆማል። ዕቃው ሳይጠፋ ከቆየ ደግሞ የባሰ ይመጣል። ሦስቱ በባዶዋ ውስጥ እየገፉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቯን ይገለብጡባታል፤ ያኔ ይብስባታል። አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ የሚባለው ለዚህ ኖሯል። እኔ ደግሞ ከቦርሳዬ እጄ የገባውን እየዘገንኩ ነበር የምከተው።

ቁጥር 6ን ግን ተስፋ አልቆረጠባትም። ሞላት፣ አስጨረሳት፣ ደግሞ ሞላት። ሦስት ዙር ካዞራት በኋላ ከእኩዮቿ ለመስተካከል ጥቂት ነው የቀራት። ለብዙ ጊዜ ሳይነካ የተቀመጠ ድንጋይ አንዳንዴ እንዲህ ይነቃል። አንዳንዴ ነው ታዲያ፤ ቁጥር 3ን ቢያዞራት ቢያዞራት ወይ ፍንክች።

"ቻርጀርዎስ?" አለኝ በመጨረሻ። ቤት ነበር፤ ተመልሼ አመጣሁት። ሁለት ሁለት እያጣመረ የሚሞላው ርካሹ ዓይነት ነው። ጥንዱን እንደ አንድ ነው የሚያየው። አቅም የሌላት ቶሎ ሞልታ ስትግል፣ አጠገቧ ያለችው ገና ሳትጠግብ አረንጓዴው መብራት ሊበራ ይችላል። እኔ ደግሞ አረንጓዴውን ካየሁ ነቅዬ መሮጥ ነው። በዚያ ላይ ድንጋዩ የሚነካው ብረት አንደኛው ዝጓል። በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠረገውና ጥጡን አሳየኝ፤ ከሰል መስሏል። ፍላሹንም ከፍቶ እንደዚያው አጸዳልኝ። እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው የሚቆጣጠር ቻርጀር እንድገዛ መከረኝ። እሱ ራሱ ቻርጀርም ድንጋይም አይሸጥም፤ ምክሩን ያመንኩትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቁጥር 7 እና 8 በልኬቱ ደህና ናቸው፤ ግን ሞልቼ ወር ካስቀመጥኳቸው ሳይነኩ ይደክማሉ። ለካ የቆየው ዓይነት ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ (የእኔዎቹ ድንጋዮች የተሠሩበት ማለት ነው) ቁጭ ብሎም ቻርጁ ይፈሳል፤ ሙቀት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቻርጁ ቶሎ የማይፈሰውን ዓይነት የጃፓኑ ኩባንያ ሳንዮ በ2005 እ.ኤ.አ. ኤኔሉፕ ብሎ አወጣው፤ ዛሬ ሌሎችም ይሠሩታል። እሱ ዓመት ተቀምጦም አብዛኛውን ቻርጅ ይዞ ይቆያል። 7 እና 8ን ሁለት ድንጋይ ለሚበቃው የድምፅ መቅጃዬ መደብኳቸው፤ ከሥራ በፊት ባለው ማታ እሞላቸዋለሁ። ከቀሩት አምስት አራቱ ፍላሹ ውስጥ ናቸው፣ አንዷ ተጠባባቂ ናት። ባለፈው ሥራ ከጧት እስከ ማታ በአንድ ሙሌት ወጣሁት።

ለዚህ ሁሉ ያስከፈለኝ የምርመራውን ብቻ ነው። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ!

ፍላሽ፣ ማይክ ወይም የልጆች መጫወቻ ቻርጅ አልይዝ ያላችሁ ወደ እሱ ሂዱ። ያበጠ የስልክ ባትሪ ግን ይዛችሁ ብትሄዱ ሊሞላው እንኳን አይሞክርም፤ አደገኛ መሆኑን ነግሮ ይመልሳችኋል። ለሚፈልግ አድራሻውን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፤ ይህን ፈቅዶልኛል። ስትሄዱ ቻርጀሩንም ዕቃውንም አብራችሁ ያዙ፣ እንደ እኔ አትመላለሱ።