ለአርቪ የሚገጠመው «ርካሽ» የ30 አምፔር ሶኬት፦ ከመሰካታችሁ በፊት ቮልቱን ለኩ

አሜሪካ ሆናችሁ አርቪ (እየተነዳ ወይም እየተጎተተ የሚሄድ ቤት) የገዛችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ «ግቢያችሁ ውስጥ የ30 አምፔር ሶኬት በግማሽ ቀን እንገጥማለን፤ በካሽ ከሆነ ቅናሽ አለው፤ ፐርሚት ምናምን አያስፈልግም» የሚል ሰው ከመጣባችሁ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ስንት ቮልት ነው የምትገጥመው?» «30 አምፔር ከሆነ 240 ነዋ፣ እንደ ድራየሩ» ካላችሁ በሰላም ሸኙት።

ለአርቪ የሚሆነው የ30 አምፔር ሶኬት፣ ቲቲ-30 የሚባለው፣ 120 ቮልት ብቻ ነው። ሦስት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ፌዝ (ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት)፣ አንዱ ኒውትራል (የሚመለስበት)፣ አንዱ ግራውንድ (የመሬት ሽቦው)። ሰው የሚሳሳተው በመልኩ ነው። ሁለቱ ዘንበል ያሉ ቀዳዳዎች የድሮውን የልብስ ማድረቂያ ሶኬት ይመስላሉ፤ ያኛው ደግሞ 240 ነው። ስለዚህ ድራየር ሲገጥም የኖረ ሰው ሳይጠራጠር ደብል ፖል ብሬከር (ሁለት ፌዝ የሚሰጥ ባለ ሁለት እጀታ ማጥፊያ) ይከትበታል። ሙያውን አገር ቤት የተማረማ ይብስበታል፤ እጁ 220 ስለለመደ መለኪያው ላይ ሁለት መቶ ምናምን ሲያይ አይደነግጥም። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያንም ይሳሳታል፤ ፐርሚት ሲኖር ግን ከእሱ በኋላ ኢንስፔክተር መጥቶ ያያል። በካሽ፣ ያለ ወረቀት ካሠራችሁ ግን ዕቃችሁ ሲቃጠል ማንን ልትጠይቁ ነው?

ይቃጠላል ደግሞ። ማይክሮዌቩ፣ ባትሪ የሚሞላው ኮንቨርተር፣ የፍሪጁ ቦርድ፣ ቴሌቪዥኑ በሰከንዶች ሊሄዱ ይችላሉ። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን የማሞቂያ ሽቦ የሚያወጣው ሙቀት አራት እጥፍ ነው። ብሬከሩ ያድነናል ብላችሁ አትጠብቁ፤ እሱ የሚቆጣጠረው አምፔርን እንጂ ቮልትን አይደለም።

መጀመሪያ የፓነሉን (ብሬከሮቹ ያሉበትን ሳጥን) በር ክፈቱና ብሬከሩን እዩ። ለቲቲ-30 ሲንግል ፖል፣ 30 የሚል አንድ እጀታ ነው መሆን ያለበት። ሁለት እጀታ ተጣምሮ ካያችሁ ገመዱን እንዳትሰኩ። ከዚያ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ሶኬቱን ለኩ፦ ከፌዝ ወደ ኒውትራል 120 ገደማ፣ ከፌዝ ወደ ግራውንድ 120 ገደማ፣ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ ዜሮ አካባቢ። በየትኛውም ሁለት ቀዳዳ መካከል 240 ካወጣ ተበላሽቷል። መለካት የማትደፍሩ ከሆነ ደግሞ የሚደፍር ሰው ጠርታችሁ አስለኩ፤ የመለኪያው ጫፍ ሲነካ ኤሌክትሪኩ አለ።

ባለ 50 አምፔሩ፣ 14-50 የሚባለው፣ ሌላ ነው፦ አራት ቀዳዳ፣ ደብል ፖል ብሬከር፣ በሁለቱ ፌዞች መካከል 240፣ ከእያንዳንዱ ፌዝ ወደ ኒውትራል 120። እዚህ የሚያስፈራው የላላ ኒውትራል ነው፤ ቮልቱ እኩል መከፈሉ ይቀርና አንዱ ወገን ከ120 በላይ ይወጣል። ፓነላችሁ 100 አምፔር ብቻ ከሆነ ጭነቱን ሳያሰላ «ይችላል» የሚላችሁን አትመኑት።

ዋጋው የሚረክሰው ብዙ ጊዜ ከሽቦው ላይ ነው። ለ30 አምፔር ባለ 10 ጌጅ መዳብ፣ ለ50 ባለ 6 ጌጅ ጠይቁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፣ እንደ አገር ቤቱ ሚሊሜትር አይደለም። ርቀቱ 100 ጫማ ከደረሰ ባለ 10 ጌጁ በሙሉ ጭነት ከ6 እስከ 7 ቮልት ይበላል፤ የአርቪው አየር ማቀዝቀዣ ሲነሳ ይቸገራል፣ ኮምፕረሰሩም ይግላል። ያኔ 8 ጌጅ ይሻላል። መሬት ውስጥ የሚቀበረው ዩኤፍ-ቢ የሚባለው ግራጫ ገመድ ነው፤ ጥልቀቱ 24 ኢንች፣ በፒቪሲ ቱቦ ከሆነ 18 ኢንች። ጉድጓዱ ውስጥ ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ የቤት ውስጥ ሽቦ ነው የቀበሩላችሁ፤ ውስጡ ወረቀት አለው፣ እርጥበት ይጠጣል። ከመቆፈራቸው በፊት ደግሞ 811 ይደወል፤ ነፃ ነው።

በኢንተርኔት የሚሸጡ ርካሽ ማራዘሚያዎችም ጉድ አለባቸው። «10 ጌጅ» ይባልና ውስጡ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ይሆናል፤ ስታነሱት ይቀላል፣ በቢላ ስትፍቁት ነጭ ይወጣል።

ቀድሞውኑ በ240 ተገጥሞላችሁ ከሆነ ሰውየው «ሶኬቱን ቀይሬ እመጣለሁ» ሊል ይችላል። ሶኬቱ ምንም አላደረገ፤ የሚስተካከለው ፓነሉ ላይ ነው። ዋናው ብሬከር ይጠፋና ሶኬቱ ይከፈት፤ ነጩ ሽቦ ላይ ጥቁር ቴፕ ተጠቅልሎ ብታገኙ ኒውትራል መሆን የነበረበትን ፌዝ አድርገውታል ማለት ነው። ቴፑ ከሁለቱም ጫፍ ይነሳ፣ ሽቦው ከብሬከሩ ተፈትቶ ኒውትራል ባሩ (ነጮቹ ሽቦዎች የሚታሰሩበት ብረት) ላይ ይታሰር፣ ደብል ፖሉ ወጥቶ ባለ 30 ሲንግል ፖል ይግባ። ቀሪውን ክፍያ የምትሰጡት መልቲሜትሩ ፊታችሁ 120 ሲል ነው።