ኪሴ ውስጥ የተላጠው የምኒልክ ብር

ሰሞኑን በቸርችል ጎዳና በፖስታ ቤት አካባቢ ባሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች የድሮ ሳንቲም ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ። የሱቁን ስም አልጠራም። ሁሉም እንደዚያ ናቸው ማለቴም አይደለም።

መጀመሪያ ልማዴን ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባም። እኔ የድሮ ሳንቲም ሳጥን ውስጥ የምቆልፍ ሰው አይደለሁም። አንድ ኪሴ ይዤ እዞራለሁ። ታክሲ ስጠብቅ በአውራ ጣቴ እዳስሳለሁ፣ ማኪያቶ ስጠጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አያለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ኪሴ የኖረችው የአያቴ ማርትሬዛ ነበረች፣ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባት ጠገራ ብር። አያቴ በአንገቷ ታስራት ስለነበር፣ ከእቴጌይቱ ራስ በላይ ጠርዟ ላይ የማንጠልጠያው ቀለበት ተነቅሎ የቀረ ጠባሳ አለባት። ጉንጯ ከመዳሰስ ብዛት ልሙጥ ሆኗል። ደስ የምትለኝም ለዚያ ነበር።

ሱቅ ገብቼ እሷን ሳሳየው ባለቤቱ ብዙም አላያትም።

«ማርትሬዛማ ሞልቷል ወንድሜ። ሁሉም 1780 ይላል፣ ግን በኋላ የተመታ ነው።»

እዚህ ላይ አልዋሸም። ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ ያው ዓመተ ምህረት እንደተቀረጸበት ብሩ መመታቱን ቀጥሏል። ቪየና መትታዋለች። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣሊያን እኛን ለመውረር ስትዘጋጅ ሮም ላይ አስመትታዋለች። ለንደንና ቦምቤይም ተመትቷል። ስለዚህ ዓመቱ ዕድሜውን አይነግርም። ሰውየው በዚህች እውነት የኔን ዋጋ አወረደና ከመሳቢያው የምኒልክ ብር አወጣ። ዘውድ የጫነው ምኒልክ፣ በጀርባው ባንዲራ የያዘው አንበሳ። ያብለጨልጫል። የአያቴን ማርትሬዛ ሰጥቼ 6,000 ብር ብጨምር የኔ ነው አለኝ።

ጠረጠርኩ። ማግኔት አውጥቶ አስጠጋበት። አልሳበውም። «አየህ? ንጹህ ብር ነው። እንደልብህ ኪስህ ክተተው፣ ምንም አይሆንም» አለኝ። ማግኔት እኮ ናስንም አይስብም፣ መዳብንም አይስብም! ይህንን ያኔ ባስበው ኖሮ ዛሬ አልጽፍላችሁም ነበር። ያለውን ሰጥቼ ወሰድኩት፣ ደረሰኝም አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ሳምንት የምኒልክ ጉንጭ ላይ ቢጫ ነገር አየሁ። የሽሮ ወጥ መስሎኝ በሶፍት ጠረግኩት። ስጠርገው ባሰበት። ከዚያ የአንበሳው ጎፈርም ቢጫ ሆነ።

ይዤ ተመለስኩ። የሰማሁት መልስ ነው ከሁሉም በላይ ያናደደኝ።

«ከቁልፍ ጋር እያሻሸህ አበላሸኸው! የድሮ ሳንቲም እንደዚህ ይያዛል እንዴ?»

ትንሽ ደነገጥኩ፣ እውነት ለመናገር። ሰው ሁሉ ሳንቲም ኪስ ውስጥ አይያዝም እያለ ሲቆጣኝ ስለኖረ ጥፋቱን ራሴ ላይ ላደርግ ምንም አልቀረኝም። እንዲህ ያለ ሻጭ ከገጠማችሁ እንዳትሰሙት። እውነተኛው የምኒልክ ብር ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፣ ከሺህ 835 እጁ ብር ነው። ብታሹት፣ ብትጭሩት፣ ከስሩ የሚወጣው ያው ነጩ ብር ነው። በቅርጹ ጎድጓዳ ቦታ የተጋደመው ጥቁረት ይቀራል፣ ከፍ ያለው ቦታ ይነጣል። የአያቴ ማርትሬዛ ጉንጭ እንደዚያ ነበር። ቢጫ ወይም ቀይ ከወጣ ግን ኪሳችሁ አላበላሸውም። ኪሳችሁ አጋለጠው።

ፒያሳ አንድ የማውቀው ወርቅ ቤት ወሰድኩት። ልጁ አሲድ እንኳ አላስፈለገውም። ሚዛን ላይ ጣለው፣ 23.6 ግራም። እውነተኛው 28 ግራም ከትንሽ ነው፤ ማርትሬዛም ያው 28.07 ነች። ናስ ከብር ስለሚቀል፣ ልኩ እኩል ሆኖ እንኳ ያን ያህል ይጎድላል። «ናስ ነው፣ ብር አስነክረውት ነው» አለኝና ሳቀ። ከዚያ በመነጽሩ ጽሑፉን አሳየኝ። «ዳግማዊ» የሚለው ላይ ግ እና ማ ተጣብቀዋል፣ ጠርዛቸው የሟሟ ሳሙና ይመስላል። ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ወስደው በማፍሰስ ሲሠሩት ፊደሉ ስለቱን ያጣል። ፈረንጅ ቢሆን ላያስተውለው ይችላል። እኔ ግን ፊደል እያነበብኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ምን ይባላል?

ሳንቲም ከሳንቲም ማምታታት አዲስ ነገር አይደለም። የ1936 ዓ.ም. ክብ ባለ 25 ሳንቲም መዳብ በመጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ ተሰብስቦ፣ ጠርዙ እንደ አበባ የተቆራረጠው ተተካ። በነገራችን ላይ እነዚያም ላይ 1936 የሚለው ዓመት ለብዙ ጊዜ ሳይቀየር ነው የተመታው። «የ1936 ስለሆነ ብርቅ ነው» የሚላችሁ ካለ እለፉት።

እንግዲህ ትንሿን የኪስ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «ሚዛን ምን ያደርጋል» ካለ ውጡ። እንደኔ ይዛችሁ ለመዞር ከሆነ የምትፈልጉት ደግሞ፣ አስቀድሞ ያለቀ፣ የተሸረፈ ወይም ማንጠልጠያ የነበረው ማርትሬዛ በቂ ነው፤ ሰብሳቢ አይፈልገውም፣ በውስጡ ያለው 23 ግራም የሚጠጋ ብር ግን የትም አይሄድም። ከቁልፍ ለይታችሁ ለብቻው ኪስ፣ ቢቻል በጨርቅ ከረጢት። ፊቱ ያልተነካ ሳንቲም ካላችሁ ግን ቤት ይቀመጥ፣ ስታነሱትም ጠርዙን ይዛችሁ፤ ላብ አሻራ ይተውበታል። ለስላሳዎቹ የላስቲክ ኪሶች ውስጥ ለዓመት አትተዉት፣ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣሉ። በሎሚና በአመድ መፈተግም ለእናቶቻችን መስቀል እንጂ ለሳንቲም አይሆንም። የአክሱም ሳንቲም የሚያቀርብላችሁን ሰው ደግሞ ጨርሶ አትጠጉ። ፌክ ከሆነ ተበላችሁ፣ እውነተኛ ከሆነ ቅርስ ነው፣ ጣጣው ብዙ ነው።

ሐሙስ ዕለት በዚያው በኩል ሳልፍ መስታወቱ ውስጥ የአያቴን ማርትሬዛ አየኋት። ጠባሳዋን ወደ ታች አዙሮ አቁሟታል። ተፈትጋ ነጥታለች። ከስሯ ያለው ወረቀት ላይ «የ1780 ኦሪጅናል» ተብሎ 18,000 ብር ተጽፏል።