አዲስ ፎርጅድ ወይስ አሮጌ ሲንጀር?

ጎጃም ውስጥ መሣሪያ የሚገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምንሽሩን ተቀብሎ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ያያል። ይስባል፣ ይመልሳል፣ ድምፁን ያዳምጣል። ወደ ብርሃን አዙሮ በስተኋላ በኩል ያጮልቃል። ቁጥሩን ያነባል። ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ያው ሰውዬ ግን ለሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና ሲገዛ ቀለሟን አይቶ፣ «ታምራለች» ብሎ፣ ከፍሎ ይወጣል።

እኔም እንደዚያው ነኝ። ካቻምና እህቴ ፍኖተ ሰላም ላይ ስፌት ልትጀምር ስትል መኪና የምገዛው እኔ ሆንኩ። ደብረ ማርቆስ አንድ ሰው አሮጌ ሲንጀር ከነጠረጴዛዋ 17,000 አለኝ። ባሕር ዳር ደግሞ «ሲንጀር» ተብሎ በወርቅማ ቀለም የተጻፈባት አዲስ፣ ከነጠረጴዛዋ 13,500። 3,500 ብር ላተርፍ ነው ብዬ አዲሷን አውቶቡስ ላይ አስጫንኩ።

ሁለት ወር ሠራች። ከዚያ ካኪ መጣ። የገበሬው አረንጓዴ ቁምጣ ጠርዙ አራት እጥፍ ነው፤ እዚያ ላይ ስትደርስ ስፌት መዝለል ጀመረች። መጀመሪያ 700 ብር፣ ቀጥሎ 1,200፣ ቀጥሎ 900 ለጥገና ከፈልን። 2,800! ጠጋኙ ሦስተኛ ጊዜ ሲፈታት ጠራኝና ብሎኑን በካቻቢቴ አሳየኝ። ጥርሱ እንደ ቅቤ ተልጧል። ከቀለሙ ስር ደግሞ ቀዳዳ በስቶኮ ተደፍኖ አገኘን። «ይቺ ብረት አይደለችም፤ ብረት የተቀባች ነች» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የሚደውልልኝ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ የቱን ልግዛ? መልሴ አሮጌ ሲንጀር ነው። ጥሩ አሮጌ ካልተገኘ ባለ ቢራቢሮዋን። እሷ የሻንጋይ ሥራ ናት፣ በራሷ ስም ነው የምትሸጠው፣ መለዋወጫዋም አይቸግርም። የሰው ስም የለጠፈችውን አዲስ ግን በነፃ ቢሰጧችሁም የጥገናውን አስቡ።

አሮጌም ሁሉ አሮጌ አይደለም። ሲንጀር ከ1851 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዓይነት ሠርቷል። መጀመሪያ የታችኛዋን ክዳን ገልጣችሁ ቦቢኗን፣ የታችኛው ክር የሚጠቀለልባትን፣ እዩ። ክብ ከሆነች ጥሩ። እንደ ጣና ታንኳ ቀጥና የረዘመች ከሆነች ተዉት፤ ቦቢኗን ፍለጋ መርካቶ ድረስ ትዞራላችሁ። የመኪናዋ መለያ ቁጥር ደግሞ ብረቱ ላይ የተመታ መሆን አለበት። በጥፍር ቢፋቅ የሚነሳ ከሆነ ተሰናበቱ።

ከዚያ እንደ ምንሽሩ ፈትሹ። ክሩን አውጡ፣ ቺንጋውን ፍቱ፣ መዘውሯን በሁለት ጣት ብቻ ወደ ራሳችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ዙሩ እኩል መቅለል አለበት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከከበደ እዚያ የጎበጠ ነገር አለ። ሁሉም ቦታ ላይ ከከበደ ግን የደረቀ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መሸሻ አይደለም። መርፌ የያዘውን ዘንግ ጨብጣችሁ ወዲህ ወዲያ ነቅንቁት። ከተላወሰ ተበልቷል። መርፌው ሲወርድ በቀዳዳው መሐል ይውረድ፤ ቀዳዳው ዙሪያ ጭረት ካለ መርፌ ሲሰበርባት ኖሯል።

እኔን ያቃጠለኝ ግን የታችኛው መንጠቆ ነው። መርፌው እታች ደርሶ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል መልሶ ሲነሳ፣ የመንጠቆው ጫፍ ከመርፌው ዓይን ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሳይነካው፣ ጥግ ጥጉን ማለፍ አለበት። ከቀደመ ወይም ከዘገየ ክሩን አያገኘውም፤ ስፌት ይዘላል። አዲሷን ስገዛ ይህን በስልኬ መብራት ባየው ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። በመጨረሻ ካኪ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የሚሰጣችሁ ስስ ፖፕሊን ነው፤ በፖፕሊን ሁሉም መኪና ጀግና ነው። አራት አጥፋችሁ፣ 16 ቁጥር መርፌ አስገብታችሁ ስፉበት።

ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው አንድ ቦታ አይቆምም። ስለዚህ ቁጥሮቼን ሳይሆን ልዩነቱን ያዙ። አንድ ነገር ግን ቶሎ ባውቅ ኖሮ እላለሁ፤ ጭንቅላቷ ብቻዋን ትሸጣለች። ዓመት ሳይሞላ ያለ ጠረጴዛ አንዲት አሮጌ ሲንጀር በ14,000 አገኘሁ። በጠቅላላው 30,300 ብር ወጣ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ብስማማ በ17,000 ያልቅ ለነበረ ነገር። የፎርጅዷን ጭንቅላት አንስተን አሮጌዋን ስናስቀምጣት በዚያው ጠረጴዛ ልክክ አለች። እህቴ ዛሬም ቁምጣ የምትሰፋው በሷ ነው።